«ደም ስራችሁን አታስነኩ» ላሉት ጸሐፊ፦ ጎረቤቴ ቀጠሯቸውን ትተዋል

ሰሞኑን «ደም ስራችሁን አታስነኩ» የሚል ጽሑፍ ከስልክ ስልክ ሲዞር ሰነበተ። ለኔም ሦስት ሰው ላከልኝ። አንዷ እህቴ ናት፣ አንዷ አብራኝ የምትሠራ ልጅ ናት፣ ሦስተኛው ግን ጎረቤታችን ጋሼ ናቸው። ጋሼ ከጽሑፉ ሥር አንድ መስመር ጨምረውበታል፦ «ሲስተር፣ የማክሰኞውን ቀጠሮ ትቼዋለሁ።» ቀጠሮው ለኩላሊት እጥበት ክንዳቸው ላይ ፊስቱላ የሚሠራበት ነበር፤ ሁለት ደም ስር በቀዶ ሕክምና የሚገናኝበት ማለት ነው። ወራት የጠበቁት ቀጠሮ ነው። ይህን ምላሽ የምጽፈው ለዚህ ነው።

እኔ ነርስ ነኝ። ብዙ ዓመት ሆስፒታል ዋርድ ውስጥ ሠርቻለሁ፤ አሁን ቱሉ ዲምቱ፣ ከምኖርበት ኮንዶሚኒየም ብዙም ሳይርቅ፣ አንድ ክሊኒክ ውስጥ ነው ያለሁት። የሰው ደም ስር መፈለግ የየዕለት ሥራዬ ነው።

ጽሑፉን ላላያችሁት ባጭሩ ልንገራችሁ። ጸሐፊው እናታቸው ኬሞ ሲወስዱ መድኃኒቱ ከእጃቸው ደም ስር ሾልኮ ወጥቶ ሥጋቸውን እንዳቃጠለው ይተርካሉ። ከዚያ ተነስተው ስድስት ነገር ይላሉ። ካኑላ፣ ማለትም መድኃኒትና ፈሳሽ ለመስጠት ደም ስር ላይ የሚሰካው ነገር፣ ሰውነት ውስጥ የሚቀር መርፌ ነው። ነርሶች ወፍራሙን የሚሰኩት ለሰው ስለማያዝኑ ነው። ደረት ወይም ክንድ ላይ የሚገባው ረጅም ቱቦ ልብ ስለሚነካ ተስፋ ለተቆረጠበት ሰው ብቻ ነው። ፊስቱላ ክንድ ያሰናክላል፣ የአንገቱ ቱቦ ይበቃል። ቱቦ የገባለት ሰው ኢንፌክሽን አይቀርለትም። የመጨረሻው ደግሞ፣ ደም ስር ከተነካ አይቀር ለጉልበት በወር አንዴ ግሉኮስ ይሻላል።

ከሁሉ በፊት ለእናትዎ እግዚአብሔር ምሕረቱን ያምጣላቸው። የተረኩት ነገር ይደርሳል። ዋርድ ውስጥ በዓይኔ አይቼዋለሁ፣ ስቃዩንም አውቀዋለሁ። ንዴትዎ ተገቢ ነው። ከንዴቱ ያወጡት ምክር ግን ሌላ ሰው ይጎዳል።

ከካኑላው ልጀምር። «መርፌው ውስጥ ይቀራል፣ ሲንቀሳቀሱ ደም ስር ይቀዳል» ብለዋል። አይቀርም። ይህንን ለማሳየት ባለፈው ቅዳሜ ጋሼ ቤት ሄጄ ያልተከፈተ ካኑላ ረከቦቱ አጠገብ ከፈትኩላቸው። መርፌው በቀጭን ፕላስቲክ ውስጥ ያልፋል፣ ጫፉ ብቻ ትንሽ ብቅ ይላል። ቆዳውንና ደም ስሩን የሚበሳው እሱ ነው። ከኋላ ባለችው ትንሽ ክፍል ደም ብልጭ ሲል ፕላስቲኳን ወደ ፊት እየገፋን መርፌውን ወደ ኋላ እንስበዋለን፤ ወጥቶም ሴፍቲ ቦክስ፣ ያገለገለ መርፌ የሚጣልበት ሳጥን፣ ውስጥ ይገባል። ደም ስር ውስጥ የምትቀረው ፕላስቲኳ ብቻ ናት። ጋሼ ተቀብለውኝ በሁለት ጣታቸው አጠፏት። እንደ ተቀቀለ ፓስታ ተጣጠፈች። ባለቤታቸውም ተቀብለዋቸው አጠፏት። «መርፌው ታዲያ የት ሄደ?» አሉኝ፤ ጠረጴዛው ላይ አሳየኋቸው።

ስለዚህ ካኑላ ያለበት ሰው ጣቱን ማንቀሳቀስ፣ መብላት፣ ሽንት ቤት መሄድ ይችላል። አንጓ ወይም ክርን መታጠፊያ ላይ ከተሰካ ግን ክንድ ሲታጠፍ አብሮ ይታጠፋል፣ መድኃኒቱም ይቆማል፤ ለዚህ ነው በተቻለ መጠን መገጣጠሚያ ላይ የማንሰካው። አንድ ነገር ደግሞ ያዙልኝ፦ በደንብ የገባ ካኑላ አያምም። ካመመ፣ ካበጠ፣ ከቀላ ወይም ደም ስሩ እንደ ገመድ ጠጥሮ ከተሰማችሁ «ትንሽ ታገሡ» የሚላችሁን አትስሙ። ይውጣልኝ በሉ።

ወደ ውፍረቱ ልሂድ። ካኑላ በቀለም ይለያል፣ ቀለሙም ለጌጥ አይደለም። ቢጫዋ 24 ቁጥር ናት፣ ለሕፃናትና በጣም ቀጭን ደም ስር ላላቸው። ሰማያዊዋ 22፣ ሮዟ 20፣ አረንጓዴዋ 18፣ ግራጫዋ 16፣ ብርቱካናማዋ 14። ቁጥሩ ሲያንስ ቱቦው ይወፍራል፣ እዚህ ጋ ብዙ ሰው ይሳሳታል። እንደ አምራቹ ቢለያይም ቢጫዋ በደቂቃ ወደ 20 ሚሊ ሊትር፣ ሮዟ ወደ 60፣ ግራጫዋ ወደ 180 ታሳልፋለች። በሮዟ አንድ ሊትር ለመግባት ሩብ ሰዓት ሲያልፍ በግራጫዋ ስድስት ደቂቃ አይሞላም። ምክንያቱ ቀላል ፊዚክስ ነው፤ የቱቦው ስፋት እጥፍ ሲሆን ፍሰቱ እጥፍ ብቻ ሳይሆን 16 እጥፍ ይሆናል።

አንድ ሌሊት ቤቷ የወለደች ልጅ በባጃጅ አመጡልን። ልብሷ፣ የባጃጁ ወንበር፣ ሁሉም ደም ነበር። ባልደረባዬ በአንድ ክንዷ እኔ በሌላው ወፍራሙን ሰካን፣ ሁለቱንም ፈሳሽ ለቀቅነው፣ አምቡላንስ እስኪደርስ። እሷ ላይ ሰማያዊዋን ብንሰካ ኖሮ የሚፈሰውን መተካት አንችልም ነበር። ለአንቲባዮቲክ ብቻ ለመጣ ሰው ግን ያቺ ሰማያዊ ትበቃዋለች፤ ያለ ምክንያት ወፍራሙን የሚሰካ ባለሙያ ካለ ትችትዎን እኔም እጋራለሁ። አራት አምስት ቦታ እየወጉ መሞከርም እንደዚያው። እኔ ሁለት ጊዜ ሞክሬ ካቃተኝ ለሌላ ሰው እሰጣለሁ። እናንተም «ሌላ ሰው ይሞክር» ማለት መብታችሁ ነው። ከመጣችሁ በኋላ እጃችሁን ወደ ታች አንጠልጥሉ፣ በሞቀ ፎጣ ጠቅልሉት፣ ካልተከለከላችሁ ውሃ ጠጡ። ደም ስሩ ይወጣል።

ዋናው ሦስተኛው ነው። እናትዎን የጎዳቸው ነገር መፍትሔው እዚህ ጋ ስላለ ረዘም አድርጌ እጽፋለሁ።

አንዳንድ የኬሞ መድኃኒቶች ከደም ስር ውጭ ከወጡ ሥጋ ያቃጥላሉ። ቀይዋ ኬሞ፣ ዶክሶሩቢሲን፣ አንዷ ናት። ቪንክሪስቲንም እንዲሁ ነው። የፊት ክንድ ደም ስር ቀጭን ነው፤ በውስጡ በደቂቃ የሚያልፈው ደም ብዙውን ጊዜ ከ100 ሚሊ ሊትር በታች ነው። መድኃኒቱ ሳይቀጥን ግድግዳውን እያሸው ያልፋል። በየሦስት ሳምንቱ ሲደጋገም ግድግዳው ይቆስላል፣ ይጠጥራል፣ ይዘጋል። ከዚያ ነርሷ ሌላ ትፈልጋለች፣ ከዚያም ሌላ፣ እስከ እጅ ጀርባ ድረስ። ጽሑፍዎ ላይ እናትዎ ለአራተኛ ጊዜ ሲመጡ የተሰካላቸው እጃቸው ጀርባ ላይ እንደነበር ጽፈዋል። ሳነበው የሚቀጥለውን መስመር ሳላይ ነው የገባኝ።

ረጅሙ ቱቦ የተሠራው ይህ እንዳይደርስ ነው። ጫፉ የሚያርፈው ልብ ውስጥ ተወትፎ አይደለም፤ ደም ወደ ልብ በሚመልሰው ትልቁ ደም ስር (ደም መልስ) መጨረሻ ላይ ነው። እዚያ በደቂቃ ወደ ሁለት ሊትር ደም ያልፋል። መድኃኒቱ ከቱቦው እንደወጣ ይቀጥናል፣ ግድግዳም አያቃጥልም። ዓይነቱ ብዙ ቢሆንም ለኬሞ በተለይ ሁለቱን ብታውቁ ጥሩ ነው።

አንዱ ፒክ ይባላል። ከላይኛው ክንድ ደም ስር ገብቶ ጫፉ ወደ ልብ አቅራቢያ ይደርሳል። ለሳምንታትና ለወራት ይቆያል። ጫፉ በትክክል ማረፉ ብዙውን ጊዜ በራጅ ይረጋገጣል። አፉ ከቆዳ ውጭ ስለሆነ ውሃ እንዳይነካው መሸፈን፣ ፋሻው በየሳምንቱ መቀየር፣ ቱቦውም መታጠብ አለበት። በዚያ ክንድ የደም ግፊት አይለካም። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት፣ መንገዱም አቧራ በሆነበት እንደኛ ባለ ሰፈር ለሚኖር ሰው ይህ ቀላል ሥራ አይደለም፤ ከመግባቱ በፊት ማን ፋሻውን እንደሚቀይር መነጋገር ያስፈልጋል።

ሁለተኛው ፖርት ነው። ከሳንቲም ትንሽ ከፍ የምትል ዕቃ ናት፣ ደረት ላይ ከቆዳ ሥር ትቀበራለች፣ ከሷ የሚነሳው ቱቦ ደም ስር ውስጥ ይገባል። ላይዋ በወፍራም ሲሊኮን የተሸፈነ ነው። ኬሞ ሲደርስ ሁበር የሚባል የተለየ መርፌ በቆዳው አልፎ ሲሊኮኑን ይወጋል፣ ሲጨርስ ይወጣል። ሁበር የተባለው መርፌ ጫፉ የታጠፈ ነው፤ ተራ መርፌ ሲሊኮኑን እየቦረቦረ ያፈሰዋል። ስለዚህ ፖርት ያለው ሰው ማንም ሰፈር ያለ ሰው በተራ መርፌ እንዳይወጋው። መርፌው ከወጣ በኋላ ገላ መታጠብ፣ ልጅ ማቀፍ፣ ሥራ መሄድ ይቻላል። ሕክምና በሌለበት ጊዜም እንዳይዘጋ በየጊዜው መታጠብ አለበት፤ ብዙ ቦታ በየአራት ሳምንቱ ነው። ሕክምናው ሲያልቅ በትንሽ ኦፕሬሽን ይወጣል። ፖርት ተስፋ ለተቆረጠበት ሰው አይደለም፤ አብዛኛውን ጊዜ የሚገባው ብዙ ወር ታክሞ ይድናል ለተባለ ሰው ነው።

«ልብ አጠገብ የደረሰ ቱቦ ይገድላል» ለሚለው፣ በ1929 እ.ኤ.አ. ቨርነር ፎርስማን የሚባል ወጣት ጀርመናዊ ሐኪም 65 ሴንቲ ሜትር ቱቦ ከክንዱ ደም ስር አስገብቶ ልቡ ድረስ ገፋው። ራሱ ላይ። ከዚያ በእግሩ ወደ ራጅ ክፍል ሄዶ ፎቶ ተነሳ። በ1956 እ.ኤ.አ. የኖቤል ሽልማት ተካፋይ ሆነ። እንዲህ ያለ ሙከራ ማንም እንዲደግመው አልመክርም፣ ግን ፍርሃቱ ከዛሬ መቶ ዓመት ገደማ ጀምሮ መልስ እያገኘ የመጣ ፍርሃት ነው።

አደጋ የለውም አልልም። ሲገባ ሳንባ ሊነካ ይችላል፣ ደም ሊረጋበት ይችላል፣ ኢንፌክሽን ሊመጣ ይችላል። እኛ አገር ደግሞ ፖርት እንደ ካኑላ ከየፋርማሲው የሚገዛ ዕቃ አይደለም፣ ለብዙ ቤተሰብ ዋጋውም ከባድ ነው። ብዙ ታካሚ ኬሞውን በእጁ ደም ስር ይወስዳል፣ አብዛኛውም በደህና ይጨርሳል። በዚያ መንገድ የምትወስዱ ከሆነ አንዲት ነገር አትርሱ። መድኃኒቱ እየገባ ካቃጠላችሁ ወይም ካበጠ ወዲያው ተጣሩ። አስታማሚም ብትሆኑ ተጣሩ። ይቆማል፣ ነርሷ ካኑላውን ከማውጣቷ በፊት ውስጥ የቀረውን በስሪንጅ ትስበዋለች፣ ከዚያ እንደ መድኃኒቱ ዓይነት ቀዝቃዛ ወይም ሞቅ ያለ ነገር ይደረጋል። ደቂቃዎቹ ዋጋ አላቸው። የጡት ኦፕሬሽን የተሠራላችሁ እህቶች ደግሞ በዚያ በኩል ባለው ክንድ እንዳይሰካ ቀድማችሁ ተናገሩ።

ኢንፌክሽኑን በተመለከተ «አይቀርም» ማለትዎ ነው ያሳዘነኝ፤ አይቀርም ካልን እጁን የሚታጠብ ማን ነው? በአሜሪካ ሚሺጋን ግዛት ከ100 በላይ አይሲዩዎች (የጽኑ ሕሙማን ክፍሎች) አምስት ነገር በጥብቅ መሥራት ጀመሩ። እጅ መታጠብ፣ ቱቦው ሲገባ ታካሚውን ሙሉ በሙሉ በንጹሕ ጨርቅ መሸፈንና ባለሙያውም ጋውን፣ ጓንትና ማስክ ማድረግ፣ ቆዳን ክሎርሄክሲዲን በሚባል ጀርም ገዳይ ማጽዳት፣ በተቻለ መጠን ብሽሽት ላይ አለማስገባት፣ የማያስፈልገውን ቱቦ ማውጣት። በ2006 እ.ኤ.አ. የታተመው ውጤት እንደሚያሳየው መካከለኛው የኢንፌክሽን ቁጥር በ1000 የቱቦ ቀን (አንድ ሰው ቱቦ ይዞ የዋለበት ቀን አንድ ተብሎ ሲቆጠር) ከ2.7 ተነስቶ በሦስት ወር ውስጥ ዜሮ ገባ። አዲስ ማሽን አልተገዛም። እጅ መታጠብ እኛም ሰፈር ይቻላል፤ ቧንቧው ሲደርቅ የአልኮል ማሻ አለ።

አምስተኛዋ ነገር፣ የማያስፈልገውን ማውጣት፣ እኔንም ታመኛለች። አክስቴ አንድ ሆስፒታል ተኝታ ሳለች መድኃኒቷ ሁሉ ወደ ኪኒን ተቀይሮ ካኑላው ግን አራት ቀን እጇ ላይ ቀረ። ማንም አላየውም። እኔ ልጠይቃት ሄጄ ፕላስተሩን ሳነሳው ከአንጓዋ እስከ ክርኗ ቀይ መስመር ወጥቷል። እሷ «ሐኪሞቹ የተዉት ምክንያት ቢኖራቸው ነው ብዬ» አለችኝ። ስለዚህ በየቀኑ ጠይቁ፦ ይሄ ዛሬም ያስፈልጋል ወይ? ካኑላ ይዛችሁ ቤት ሄዳችሁ ነገ ለመርፌ የምትመለሱ ከሆነ ደግሞ አታርጥቡት፣ ልጅ እንዳይነካካው ሸፍኑት፣ ስትመለሱም ነርሷ አፉን በአልኮል 15 ሰከንድ ያህል አሽታ እንድታጸዳው ጠብቁ። አንዳንዴ ቸኩለን እንዘላታለን፤ አስታውሱን።

ግሉኮሱን ባጭሩ። «ሲስተር ደክሞኛል፣ አንድ ግሉኮስ ስቀይልኝ» የሚለኝ ሰው በሳምንት አይጠፋም። አንድ ሊትር ባለ 5 በመቶ ግሉኮስ ውስጥ 50 ግራም ስኳር አለ፤ ወደ 12 የሻይ ማንኪያ። ከ170 እስከ 200 ኪሎ ካሎሪ መሆኑ ነው፣ ዳቦ በሻይ ይተካዋል። ድካሙ ደም ማነስ፣ ስኳር፣ ታይሮይድ ወይም እርግዝና ሊሆን ይችላል፣ ግሉኮሱ ግን ይህን አይነግራችሁም። ተቅማጥ ይዞት መጠጣት ለሚችል ሰው ኦአርኤስ አለ፣ ርካሽ ነው፣ ደም ስርም አይነካም። ደም ስራችሁን አታስነኩ ብለው ጽፈው በወር አንዴ ያለ ሕመም ማስወጋትን መምከርዎ እርስ በርሱ ይጋጫል። ባለ 40 በመቶዋ ደግሞ ስኳሩ ድንገት ለወረደበት ሰው የምትሰጥ ናት፤ ከደም ስር ከወጣች እሷም ሥጋ ታበላሻለች።

አሁን ወደ ጋሼ።

ጋሼ በሳምንት ሁለቴ ለእጥበት በታክሲ ወደ ከተማ ይገባሉ። አሁን የሚታጠቡት አንገታቸው ላይ በገባ ቱቦ ነው። ሰው እንዳያይባቸው በሙቀትም ቢሆን ጋቢያቸውን እስከ ጆሯቸው ይጎትታሉ። ባለፈው ፋሻው በላብ ርሶ ጠርዙ ተነስቶ አገኘሁት። ያ ቱቦ በቀጥታ ወደ ደም የሚወስድ ክፍት በር ነው። ለድንገተኛ ጊዜ ሕይወት ያድናል፣ እሳቸውንም አድኗቸዋል። ለዓመታት ግን አይሆንም፤ ከፊስቱላ ጋር ሲነጻጸር በደም ኢንፌክሽን የመጠቃት ዕድሉ በጣም ከፍ ያለ ነው፣ የሚያልፍበትንም ደም ስር ያጠባል።

ስሙ ራሱ ችግር ፈጥሯል። ባለቤታቸው «ፊስቱላ የሴት ሕመም አይደለም እንዴ?» አሉኝ። ልክ ናቸው፤ እዚህ ከተማ ከ1974 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በወሊድ ለተጎዱ እናቶች የተሠራ የፊስቱላ ሆስፒታል ስላለ ቃሉን የምናውቀው በዚያ ነው። የእጥበቱ ሌላ ነው። እዚህ ጋ ቀዶ ሐኪሙ ክንድ ላይ ደም ቅዳውን፣ ደም ከልብ የሚያመጣውን ደም ስር፣ ከደም መልሱ ጋር ያገናኘዋል። በኃይል የሚመጣው ደም ደም መልሱን እያሰፋ ግድግዳውን ያጠነክረዋል። የእጥበት ማሽን በደቂቃ ወደ 300 ሚሊ ሊትር፣ የአንድ ለስላሳ ጠርሙስ ያህል ደም ይፈልጋል፤ ተራ የክንድ ደም ስር ያንን አይሰጥም፣ የሰፋው ይሰጣል። ዘዴው በ1966 እ.ኤ.አ. ከታተመ ወዲህ ዛሬም የሚቀድመው ምርጫ ነው። ለመብሰል ግን ከስድስት ሳምንት እስከ ሦስት ወር ይወስዳል። ቀጠሮ መተው ማለት ለዚያ ያህል ተጨማሪ ጊዜ በአንገት ቱቦ መኖር ነው።

ክንድ ያሰናክላል ወይ? ጥቂት ሰው ላይ እጅ ሊቀዘቅዝ ወይም ሊደነዝዝ ይችላል፣ ያኔ ወዲያው መታየት አለበት። አንዳንዱም ሳይበስል ይቀራል። አብዛኛው ሰው ግን በዚያ እጁ ይሠራል። ሰፈራችን ውስጥ ፊስቱላ ያለው ባጃጅ ነጂ አለ። ጋሼ ቤት ይዤው ሄድኩ። እጅጌውን ሰብስቦ የጋሼን ጣት ጠባሳው ላይ አስቀመጠ። ውስጡ እንደ ስልክ ቫይብሬት ይንዘረዘራል። ደሙ በደንብ እየሄደ መሆኑ የሚታወቀው በዚያ ነው፤ በየጠዋቱ ዳብሶ ያየዋል፣ አንድ ቀን ከጠፋ በዚያው ሰዓት ሆስፒታል መሄድ እንዳለበት ያውቃል። በዚያ ክንድ ግፊት አይለካም፣ ደም አይቀዳም፣ ካኑላ አይሰካም፣ ጠባብ ሰዓትም አይታሰርም። ጋሼ ጣታቸውን ቶሎ አላነሱም።

ኩላሊታችሁ እየደከመ ነው የተባላችሁ ሁሉ፣ እጥበት ገና ባትጀምሩም፣ የፊት ክንዳችሁን ደም ስር ከአሁኑ ጠብቁ። የሚሰካ ነገር ካለ የእጅ ጀርባ ላይ እንዲሆን ጠይቁ። ቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል በ2015 እ.ኤ.አ. ንቅለ ተከላ ቢጀምርም፣ ተራ እስኪደርስ የሚያቆያችሁ እጥበቱ ነው፣ እጥበቱን የሚያቆየው ደግሞ ያ ደም ስር ነው።

ጸሐፊው ሆይ፣ የእናትዎን ታሪክ አያጥፉት፣ ይቆይ፣ ሰው ሊያነበው ይገባል። ሦስተኛውንና አራተኛውን ነጥብ ግን ያንሷቸው፣ ወይም ከላያቸው ላይ እርማት ይጻፉ። ጋሼ ማታ ማታ ስልካቸውን ያያሉ። ወደ ሆስፒታሉ ደውዬ ነበር፤ ቦታቸው ለሌላ ሰው ገና አልተሰጠም። ማክሰኞ ሊደርስ አራት ቀን ቀርቶታል።